የፓልም አስኳል ከምግብ ውጭ ያለው ጥቅም በደቡብ ናይጄሪያና በማሌዥያ

በአገራችን ፓልም ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው የምግብ ዘይት ነው። ይህ ዘይት የሚገኘው ከፍሬው ሥጋ ሲሆን፣ ከሥጋው ሥር ደግሞ ጠንካራ ቅርፊት፣ በቅርፊቱም ውስጥ ሌላ ዓይነት ዘይት የያዘ አስኳል አለ። የአስኳሉ ዘይት ግማሽ ያህሉ ላውሪክ አሲድ ስለሆነ ጠባዩ ከሥጋው ዘይት ይልቅ ወደ ኮኮናት ዘይት ያደላል፤ ሳሙና ሲሠራበትም ቶሎና ብዙ አረፋ ይሰጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አስኳሉና ቅርፊቱ ከምግብ ውጭ በደቡብ ናይጄሪያና በማሌዥያ የሰጡትን አገልግሎት ማነጻጸርና የልዩነቱን ምክንያት መመርመር ነው። ዘመናቱ የተገለጹት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ተክሉ የምዕራብ አፍሪካ ተወላጅ ነው። በዚያ ሴቶች ጠንካራውን ፍሬ በሁለት ድንጋይ መካከል እየሰበሩ፣ አስኳሉን ቆልተው ጥቁር ዘይት ያወጡ ነበር። ዘይቱ ለቆዳና ለጠጉር ቅባት እንዲሁም ለባህል መድኃኒት ይውላል። ቅርፊቱ ለቤት ማገዶና ለአንጥረኛ ምድጃ ያገለግላል። በዮሩባ ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ኢፋ በተባለው ጥንታዊ የመጠየቂያ ሥርዓት አዋቂው የሚጠቀመው በ16 የፓልም ፍሬዎች ነው። ስለዚህ ፍሬው ከሥጋው ዘይት ከወጣ በኋላም የሚጣል ነገር አልነበረም።

እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ የአውሮፓ ነጋዴዎች በብዛት የሚፈልጉት የሥጋውን ዘይት እንጂ አስኳሉን አልነበረም። የሳሙና ኢንዱስትሪ እየሰፋ ሲሄድ ግን ሁኔታው ተለወጠ። ዊልያም ሌቨር በ1884 ለገበያ ያቀረበው ሰንላይት ሳሙና ከዋና ዋና ቅባቶቹ አንዱ የኮፕራ ወይም የፓልም አስኳል ዘይት ነበር። አስኳሉ የሚጨመቀው ግን በአፍሪካ ሳይሆን በአውሮፓ ወደቦች ነበር። በ1913 ከብሪታንያ የምዕራብ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ከወጣው አስኳል ሦስት አራተኛ ያህሉን የገዛችው ጀርመን ናት። ብሪታንያ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህን ንግድ ለራሷ ፋብሪካዎች ለማስቀረት ስትል፣ ከግዛቷ ውጭ በሚላክ አስኳል ላይ ከ1919 እስከ 1922 በቶን 2 ፓውንድ ልዩ ቀረጥ ጥላ ነበር።

በኢግቦ አገር ይህ ንግድ ከቤተሰብ ሕግ ጋር የተሳሰረ ነበር። በልማድ የሥጋው ዘይት ገቢ በአመዛኙ የባል ሲሆን፣ አስኳሉ የሚስት ነው። ሰብራ የምትሸጠውም ለራሷ ነው። በ1929 የፓልም ምርቶች ዋጋ በወደቀበት ወቅት ሴቶች ግብር ሊጣልባቸው ነው የሚል ወሬ ተሰማ፤ በዚህም የተቀሰቀሰው የሴቶች ተቃውሞ ከ50 በላይ ሴቶች በጥይት የተገደሉበት ሆኖ አለፈ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በምሥራቅ ናይጄሪያ ፓዮኒር የተባሉ አነስተኛ የዘይት መጭመቂያዎች ተተከሉ። መጭመቂያዎቹ ከእጅ ሥራ የበለጠና የተሻለ ዘይት ያወጡ ነበር። ነገር ግን ፍሬውን የሚገዙት ከነአስኳሉ ስለሆነ፣ ወንዱ ፍሬውን ሲሸጥ የሴቲቱም ድርሻ አብሮ ተሸጠ። በብዙ ቦታ ሴቶች መጭመቂያዎቹን አጥብቀው የተቃወሙት በዚህ ምክንያት ነው።

የማሌዥያ ታሪክ መነሻው ሌላ ነው። ተክሉ ከውጭ የገባ ሲሆን፣ የመጀመሪያው የንግድ እርሻ በ1917 በሰላንጎር ተከፈተ። በእርሻው መካከል ፋብሪካ ስለሚቆም አስኳሉ ከመጀመሪያው የድርጅት ንብረት ነው። ቅርፊቱና ጭረቱ በፋብሪካው ቦይለር ነድደው ለሥራው የሚያስፈልገውን እንፋሎትና ኤሌክትሪክ ይሰጣሉ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ አስኳሉን በአገር ውስጥ መጭመቅ፣ ከ1980ዎቹ ወዲህም ዘይቱን ወደ ፋቲ አሲድ፣ ግሊሰሪንና ፋቲ አልኮል መለወጥ ተስፋፋ። እነዚህም ለሳሙና፣ ለሻምፑና ለዲተርጀንት መሥሪያ ይውላሉ። ትርፍ ቅርፊቱም ቢሆን፣ ጃፓን በ2012 ለታዳሽ ኤሌክትሪክ የተለየ የመግዣ ዋጋ ከደነገገች በኋላ፣ ለኃይል ማመንጫ ነዳጅነት ወደዚያ የሚላክ ሸቀጥ ሆኗል።

ሁለቱን ስናነጻጽር በአስኳሉ ጠባይ ልዩነት የለም። የቅባቱ ኬሚስትሪም ሆነ የቅርፊቱ ሙቀት በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። ዛሬም የሁለቱ አገሮች መሐንዲሶች ቅርፊቱን በኮንክሪት ውስጥ በጠጠር ምትክ ይሞክሩታል፤ አንድ ሜትር ኩብ ልቅ ቅርፊት ከ500 እስከ 600 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ክብደቱ ከተፈጨ ድንጋይ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ልዩነቱ ያለው መጭመቂያው በቆመበት ቦታና በአስኳሉ ባለቤት ላይ ነው። ማሌዥያ ፋብሪካውን ወደ አስኳሉ አመጣች፤ ከናይጄሪያ ግን ለረጅም ዘመን አስኳሉ ወደ ሩቅ ፋብሪካ ተጓዘ።

ከዚህ ታሪክ ለሙያችን የሚተርፍ አንድ ቁም ነገር አለ። እኛ በንድፋችን ላይ «ተረፈ ምርት» ብለን የምንጽፈው ነገር አስቀድሞ ባለቤት ሊኖረው ይችላል። በአገራችን ወደ ሞተር ወፍጮ የምትሄድ ሴት የአገልግሎቱን ዋጋ ከፍላ ዱቄቷን ይዛ ትመለሳለች፤ ወፍጮው ድካሟን ወሰደላት እንጂ ንብረቷን አልወሰደባትም። የፓዮኒር መጭመቂያ ግን ድካሟንና ገቢዋን በአንድነት ወሰደ። ሁለቱም መኪናዎች በቴክኒክ ረገድ ሥራቸውን በሚገባ የሚሠሩ ናቸው። ስለዚህ መሐንዲሱ የመኪናውን ምርታማነት ሲያሰላ፣ በአንድ በር የገባው ነገር በሌላው በር ሲወጣ የማን እንደሚሆን አብሮ ማስላት ይኖርበታል።