ደጋንና ቀስት

የቡሬንና የፍኖተ ሰላምን ገጠር የምታውቁ ሁሉ፣ እናቶቻችን ጥጥ ሲነድፉ ደጋኑን አይታችኋል። የጎበጠ እንጨት፣ የተወጠረ ጅማት፤ ቀስት ማለት እኮ ይኸው ነው! ግዕዙም ይመሰክራል፤ «ነደፈ» በፍላጻ ወጋ ማለትም ነው።

በጥንት ነገሥታት ሠራዊት ውስጥ ቀስተኞች ነበሩ። በ1533 ዓ.ም. 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች ነፍጥ ይዘው ከገቡ ወዲህ ግን ኃይል እያደር ወደ ባለነፍጡ አጋደለ። ደገኛው ቀስቱን ተወ፤ ቆለኛው ጉሙዝ አልጣለውም።

በ1763 ዓ.ም. ግሽ ዓባይን ያየው ጄምስ ብሩስ ስለ ቆላ ቀስተኞች ጽፏል። ቀስታቸው ሰባት ጫማ ያህል ይረዝማል፤ ሕፃኑ ቁመቱ ስለማይደርስለት አግድም ይዞ ይለማመዳል። አዳኙ ከገደለው አውሬ ሁሉ ቆዳ እየቀደደ ይጠመጥምበታል። ጥምጥሙ ሲበዛ ቀስቱ ደርቆ አልጎብጥ ይላል፤ ያኔ ሌላ ያበጃል።

ታዲያ የጉሙዝ ቀስት ለአደን ብቻ አልነበረም። እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ባሪያ ፈንጋይ ከኛው ደጋ ጠመንጃ ይዞ ይወርድ ነበር። «ኋላ ቀር» ብለን የሳቅንበት መሣሪያ ልጅ እንዳይሸጥ መከላከያ ነበር ማለት ነው። የጎጃምን ታሪክ የምንጽፍ ሰዎች የደጋውን ጀግንነት ብቻ ሳይሆን ይኸንንም በደል መጻፍ አለብን።