ያለ ጊዜው ማረጥና የልብ ጤና፦ አጭር ታሪካዊ ቅኝት

የወር አበባዋ በ43 ዓመቷ የተቋረጠባት እናት ከቦሌ ሚካኤል ሰፈር ወደ ጤና ጣቢያ ብትመጣ፣ አብዛኞቻችን እርግዝና አለመሆኑን አረጋግጠን እናሰናብታታለን።

ማስረጃው ግን ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ የተጀመረው የፍራሚንግሃም ጥናት 2,873 ሴቶችን ለ24 ዓመታት ተከታትሎ በ1978 እንዳስታወቀው፣ ካላረጡት መካከል ማዮካርዲያል ኢንፋርክሽን የደረሰባት አንዲትም አልነበረችም። ነገሩ የዕድሜ ብቻ እንዳይመስል፣ በእኩዮች መካከልም ያረጡት ይበልጥ ታመዋል። ኤስትሮጂን ሲቀንስ ጎጂው ኮሌስትሮል ይጨምራል፤ ስብም በሆድ ዙሪያ ይከማቻል። ከ45 ዓመቷ በፊት ላረጠች ሴት ይህ ሁሉ ቀድሞ ይጀምራል።

በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2016 የተካሄዱት አራቱ ዋና ዋና የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችን ስለ ወር አበባቸው ጠይቀዋል፤ ኮሌስትሮላቸውን ግን አልለኩም። የዚያችን እናት የደም ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል ለክቶ፣ ያረጠችበትን ዕድሜ በካርዷ ላይ መጻፍ አገር አቀፍ ጥናት አይጠብቅም።