ፕሮፕራኖሎል፦ በጉበት ሕመም የሚመጣ መድማት እንዳይደገም

ፕሮፕራኖሎል የልብ ምትን የሚያረጋጋ የቆየ መድኃኒት ነው። የጉበት ሲሮሲስ (የጉበት መጠባሰስ) ያለባቸው ሰዎች በምግብ ቧንቧቸው ያበጡት ደም መልሶች አንዴ ከደሙ በኋላ እንደገና እንዳይፈነዱ ይታዘዛል። ጠባሳ የያዘው ጉበት ከአንጀት የሚመጣውን ደም እንደ ልብ ስለማያሳልፍ ደሙ በጎን መንገድ ይሄዳል፤ በምግብ ቧንቧው ታችኛው ጫፍ ያሉት ስስ ሥሮችም ይወጠራሉ። ሲፈነዱ በሽተኛው ትኩስ ደም ያስመልሳል፣ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ይጠቁራል። ሕክምና ካላገኙት ከአስሩ ስድስቱ ገደማ በአንድና ሁለት ዓመት ውስጥ ዳግም ይደማሉ።

መድኃኒቱ ልብ የሚረጨውን ደም ይቀንሳል፤ ወደ አንጀት የሚሄዱትን ደም ቅዳዎችም ያጠብባል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዲዲዬ ሌብሬክና ባልደረቦቹ በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጡት የ74 በሽተኞች ጥናት፣ ፕሮፕራኖሎል ከወሰዱት 96 በመቶው ዓመቱን ሳይደሙ አሳለፉ፤ የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ግን 50 በመቶው ብቻ። ኋላ የመጡት ጥናቶች ውጤት ያን ያህል ባይደምቅም ጥቅሙ ጸንቷል።

ዛሬ ክኒኑ ብቻውን በቂ አይባልም፤ በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ሥሩን በላስቲክ ቀለበት ከማሰር ጋር ይጣመራል። ብዙውን ጊዜ በ20–40 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ይጀመርና የልብ ምት በደቂቃ 55–60 እስኪደርስ ቀስ በቀስ ይጨመራል። አስም ላለበት አይሰጥም፤ የላይኛው የደም ግፊት ከ90 ሲወርድም ይቀነሳል ወይም ይቆማል። ተሻለኝ ብሎ ክኒኑን ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው።