ከባሌስትራ እስከ ሞላ፦ አንድ የመኪና ክፍል ሲለወጥ ሥራው ወዴት ይሄዳል?

አንድ ያረጀ የመስክ መኪና በባለቤቱ ግቢ ውስጥ ተነሥቶ፣ ጎማው ወልቆ፣ የዛገው ባሌስትራ መሬት ላይ ተጋድሞ ማየት በብዙ አገር የተለመደ ነው። ባለቤቱ ቀኑን ሙሉ ከብሎንና ከዳዶ ጋር ሲታገል ይውላል፤ ማታ ሲጨርስም መኪናው ከቀድሞው ከፍና ጠንከር ብሎ መቆሙን አይቶ ይደሰታል። ይሁንና ያ የተለወጠው ብረት ረጅም ታሪክ ያለው ነው። ታሪኩም አንድ ቁም ነገር ያስተምራል፤ ይኸውም በመኪና አካልና በጎማ መካከል የሚገኝ እያንዳንዱ ክፍል ከሚታየው ሥራው ሌላ የማይታይ ሥራ ደርቦ የሚሠራ መሆኑ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባሌስትራ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የተወሰደ ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ የጥንቱ ፍላጻ መወርወሪያ መሣሪያም በዚሁ ስም ይጠራል። ስያሜው ተገቢ ነው፤ ባሌስትራ እንደ ቀስት የጎበጠ፣ ሲጫኑት የሚዘረጋ፣ ሲለቁት ወደ ቅርጹ የሚመለስ ብረት ነውና። በኢትዮጵያ ጋራዦች የሚነገሩት ሞላ፣ አሞርዛተርና ጎሚኒ የሚባሉት ቃላትም ከዚያው ምንጭ የተቀዱ ናቸው።

የነገሩ ሕግ ከመኪና በፊት የታወቀ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ የአንድ ተለጣጭ ብረት መለጠጥ ከተጫነበት ኃይል ጋር ተመጣጣኝ መሆኑን በ1678 አሳተመ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም ኦባዳያ ኤሊየት የተባለ የሠረገላ ሠሪ የሞላላ ቅርጽ ያለው ባሌስትራ በሠረገላ ሥር አዋለ። የዚህ ፈጠራ ጥቅም ምቾት ብቻ አልነበረም። ባሌስትራው አክስሉን ራሱ ይዞ ስለሚያቆም፣ ቀድሞ የፊቱንና የኋላውን አክስል ያገናኝ የነበረው ከባድ ምሰሶ አላስፈላጊ ሆነ። ስለዚህ ባሌስትራ ገና ከጅምሩ ሦስት ሥራ የያዘ ነበር፤ ክብደት ይሸከማል፣ አክስሉን በቦታው ያጸናል፣ ንጣፎቹም እርስ በርስ ሲፋተጉ ንዝረቱን በመጠኑ ያበርዳሉ።

መኪና ተሠርቶ ፍጥነት ሲጨምር ሦስተኛው ሥራ ከባሌስትራው አቅም በላይ ሆነ። ሞላም ሆነ ባሌስትራ የተቀበለውን ጉልበት አያጠፋውም፤ ያከማችና መልሶ ይሰጣል። ከዚህ የተነሣ መኪናው አንድ ጊዜ ከጉድጓድ ሲወጣ ደጋግሞ ይዘላል፤ ጎማውም መንገዱን በለቀቀ ቁጥር መሪና ፍሬን ሥራቸውን ያጣሉ። ስለዚህ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ በሰበቃ የሚሠሩ፣ ቀጥሎም ዘይትን በጠባብ ቀዳዳ በማሳለፍ የመዝለሉን ጉልበት ወደ ሙቀት የሚለውጡ አሞርዛተሮች መጡ። በ1953 ደግሞ ፈረንሳዊው ክርስቲያን ደ ካርቦን ዘይቱን በጋዝ ግፊት የሚይዝ አሞርዛተር ፈለሰፈ። ጥቅሙም በረጅም ኮረኮንች መንገድ ላይ ዘይቱ አረፋ እየሆነ ኃይሉን እንዳያጣ ማድረጉ ነው።

የመስክ መኪና ታሪክም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የሮቨር ኩባንያ መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ በእርሻው ላይ በአሜሪካ ጂፕ ይገለገል ነበር፤ ከዚያ ልምድ የተወለደው ላንድ ሮቨር በሚያዝያ 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ለሕዝብ ታየ። ቶዮታም የላንድ ክሩዘርን መጀመሪያ በ1951 ሠራ። ሁለቱም በአራቱም ጎማ ላይ ባሌስትራ ነበራቸው። ምርጫው ከድህነት አሳብ የመነጨ አይደለም፤ አንድ ክፍል ሦስት ሥራ ሲሠራ የሚሰበረው ነገር ያንሳል፣ በተራ መፍቻም ይጠገናል።

በ1970 የወጣው ሬንጅ ሮቨር ይህን ልማድ ለወጠ። ስፔንሰር ኪንግና ጓደኞቹ ጎማው ወጣ ገባውን ተከትሎ እንዲሄድ ረጃጅምና ለስላሳ የሆኑ ጥምዝ ሞላዎችን በአራቱም ማዕዘን አኖሩ። ነገር ግን ሞላ ክብደት ከመሸከም በቀር አክስል አይዝም። ስለዚህ የፊቱን አክስል የሚይዙ ረጃጅም ክንዶችና አግዳሚ ዘንግ፣ ለኋላውም ሌሎች ማያያዣዎችና ጭነት ሲበዛ ከፍታውን የሚያስተካክል መሣሪያ ማስገባት ግድ ሆነ። ላንድ ሮቨርም በ1983 ወደ ሞላ ተሻገረ፤ በ1990 ለገበያ የቀረበው የላንድ ክሩዘር 80ም በአራቱም ጎማ ሞላ ይዞ መጣ። በአንጻሩ በኢትዮጵያ መንገዶች በብዛት የሚታየው የላንድ ክሩዘር 70 ከ1999 ጀምሮ ፊቱን በሞላ ቢለውጥም ከባድ ጭነት ለሚሸከመው ኋላው ባሌስትራን እንደያዘ ቀርቷል።

እንግዲህ በግቢው ውስጥ መኪናውን የሚያሻሽል ሰው ይህን ሁሉ የሥራ ክፍፍል በእጁ ይነካል። በባሌስትራው ላይ ንጣፍ ቢጨምር መሸከም ይበረታል፤ ነገር ግን የቀድሞው አሞርዛተር ለጠነከረው ብረት አይበቃውም። ሞላ ባላቸው መኪናዎች ረዘም ያለ ሞላ ቢያስገባ የፊት አክስሉ በክንዶቹ ላይ ይዞራል፤ መሪ ከተጠመዘዘ በኋላ ወደ ቀጥታው እንዲመለስ የሚያደርገው የኋሊት ዘንበል ማለቱም ይቀንሳል። የፍሬን ቱቦ ይወጠራል፤ የመኪናውም የክብደት መካከል ከፍ ይላል። ከሁሉ የበለጠ የሚዘነጋው ግን በብዙ ላንድ ክሩዘሮች ኋላ ላይ የሚገኘው ቫልቭ ነው። ይህ ቫልቭ በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ያለውን ርቀት በዘንግ እየለካ የኋላውን ፍሬን ኃይል ይወስናል። አካሉ ከፍ ሲል መኪናው ባዶ የሆነ ይመስለዋል፤ የኋላውንም ፍሬን ያላላል። ሞልቶ የተጫነ መኪና ቁልቁለት ላይ ለማቆም በሚጣጣርበት ጊዜ ስሕተቱ ይገለጣል፤ ያን ጊዜ ግን ማረሚያ የለም።

ባሌስትራ ሲዝል በእሳት አግሎ ማጉበጥም ሌላው ፈተና ነው። ቀጥቃጩ ካረጀ ባሌስትራ ጥሩ ማጭድና ቢላዋ የሚያወጣው ብረቱ በማጋልና በማቀዝቀዝ ጥንካሬ ስለሚቀበል ነው። ያው እሳት ያለ ልክ ከተጠቀሙበት ግን የተለጣጭነት ኃይሉን ይነጥቀዋል፤ ቅርጹ ቢመለስም ጉልበቱ አይመለስም።

ይህ ማለት ግን ሥራው ለፋብሪካ ብቻ የተተወ ነው ማለት አይደለም። ክሪኩን ሳያምን ሻንሲውን በጽኑ መቆሚያ ላይ የሚያሳርፍ፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች በአዲስ የሚተካ፣ የጎሚኒዎቹን ብሎኖች መኪናው በጎማው ላይ ከቆመ በኋላ የሚያጠብቅ ሰው ጥሩ ሥራ ሊሠራ ይችላል። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ የጠበቀ ጎሚኒ መኪናው ሲወርድ ይጠመዘዛል፤ ሳይውል ሳያድርም ይቀደዳል።

ኤሊየት ምሰሶውን ያስወገደው ሥራውን ለባሌስትራ ካስረከበ በኋላ ነው። ኪንግም ባሌስትራውን ያነሣው ሥራውን ለክንዶች ካከፋፈለ በኋላ ነው። በፋብሪካም ሆነ በግቢ አንድ ክፍል የሚፈታ ባለሙያ አዲሱን ከማሰሩ አስቀድሞ የወጣው ክፍል ምን ምን ይሠራ እንደነበረ ሊጠይቅ ይገባዋል።