የየመን እስስት

የየመን እስስት በራሱ ላይ እንደ ቆብ የሾለ ጉልላት ያለው፣ ዛፍ ላይ የሚኖርና ቤት ውስጥ ለማሳደግ በጀማሪዎች ዘንድ በብዛት የሚመረጥ የእስስት ዝርያ ነው። መገኛው የመንና ደቡብ ምዕራብ ሳውዲ አረቢያ ነው። ወንዱ ከነጭራው እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ሴቷ ታንሳለች።

ለአንድ አዋቂ 60 በ60 በ120 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በወንፊት ሽቦ የተከበበና ቅርንጫፍ የበዛበት ቤት ይመከራል። የላይኛው ጫፍ በመብራት እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። የአልትራቫዮሌት አምፖል ከሌለ ሰውነቱ ካልሲየምን በሚገባ አይጠቀምም፤ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩም ይቆለመማል። በሳህን የተቀመጠ ውሃን አብዛኛውን ጊዜ ልብ አይለውም፤ የሚጠጣው ቅጠል ላይ ያረፈውን ጠብታ እየላሰ ነው። ዋና ምግቡ የካልሲየም ዱቄት የተነሰነሰበት ፌንጣ ነው። ቀለሙን የሚለውጠው፣ በተለምዶ እንደሚባለው አካባቢውን ለመምሰል ሳይሆን፣ በዋነኝነት እንደ ሙቀቱና እንደ ስሜቱ ነው፤ መጥቆሩ ብዙ ጊዜ የብርድ ወይም የጭንቀት ምልክት ነው። ሁለት አዋቂዎች በአንድ ቤት አይቀመጡም። ሴቷ ያለ ወንድም እንቁላል ስለምትጥል የምትቆፍረው እርጥብ አሸዋ ያስፈልጋታል።

ዝርያው በፍሎሪዳና በሃዋይ ከሰው እጅ ወጥቶ በዱር ተራብቷል፤ በሃዋይ ማሳደጉ በሕግ የተከለከለ ነው።