የካሜራው እግር የቆመበት ስፍራ፦ የ1924ቱ የኤቨረስት ጉዞና የረጅም ሌንስ ምስክርነት



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ከታሪክ ክፍል ይልቅ የፎቶግራፍ ባለሙያዎችን የሚመለከት ሊመስል ይችላል። ጉዳዩ ቴሌፎቶ የተባለውን ረጅም ሌንስ የያዘ ካሜራ በባለሦስት እግር መቆሚያ፣ በተለምዶ ትራይፖድ በምንለው መሣሪያ ላይ ስለ መትከል ነው። ወደ እናንተ ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የሃያኛውን ክፍለ ዘመን ታሪክ የሚያጠና ሰው ከሰነድና ከቃል ምስክርነት ጎን ለጎን ፎቶግራፍንና ፊልምን በምንጭነት ይጠቀማል። አንድ ደብዳቤ በእጃችን ሲገባ ማን ጻፈው፣ የት ሆኖ ጻፈው፣ ለማን ጻፈው ብለን እንጠይቃለን። ፊልም ስንመለከት ግን የካሜራው እግር የት ቆሞ እንደ ነበር፣ ወዴት እንደ ዞረና ማን ተሸክሞ እዚያ እንዳደረሰው የምንጠይቀው ከስንት አንዴ ነው። የማስረዳው ነጥብ ይህ ነው፤ ካሜራው የተተከለበት ስፍራና አቅጣጫ ፊልሙ ስለ ምን ሊመሰክር እንደሚችል፣ ስለ ምንስ አፉን እንደሚዘጋ አስቀድሞ ይወስናል። ለዚህም በእንግሊዞች የ1924 የኤቨረስት ጉዞ የተነሣውን ፊልም በምሳሌነት እወስዳለሁ። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። የሌንስ የትኩረት ርቀት በረዘመ ቁጥር የሩቁ ነገር በፊልሙ ላይ ገዝፎ ይታያል። ይሁን እንጂ የትኩረት ርቀቱ ሲረዝም በአሮጌው አሠራር የካሜራው ቁመትም አብሮ ይረዝም ነበር። በ1891 የለንደኑ ቶማስ ዳልማየር፣ በጀርመን ደግሞ አዶልፍ ሚዘና አዶልፍ ሽታይንሃይል እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ለዚህ ችግር መፍትሔ አቀረቡ። ከፊት ብርሃንን የሚሰበስብ፣ ከኋላ ደግሞ ብርሃንን የሚበትን ሌንስ በማጣመር የሌንሱ አካል ከትኩረት ርቀቱ ያጠረ እንዲሆን አደረጉ። ቴሌፎቶ የተባለውም ይህ ቅንብር ነው። ስለዚህ የሩቁን ማቅረብ የሚችል፣ ሰው ተሸክሞት ሊጓዝ የሚችል መሣሪያ ተገኘ።

ሌንሱ ግን የሩቁን ነገር ብቻ አያጎላም። የካሜራውን መንቀጥቀጥም በዚያው ልክ ያጎላል። በተጨማሪም ረጅም ሌንስ ሲገጠም ክብደቱ ወደ ፊት ያጋድላል፤ ካሜራው ብቻ ከመቆሚያው ጋር ከታሰረ ሌንሱ እንደ ምሳር ሆኖ ማሰሪያውን ይጫነዋል፣ ነፋስም እንደ ልቡ ያወዛውዘዋል። ስለዚህ ባለሙያው የሁለቱን የክብደት ማዕከል ፈልጎ በዚያ ነጥብ ላይ ይደግፋል፣ እግሮቹን ዝቅ አድርጎ ያሰፋል፣ ከቻለም በድንጋይ ያከብዳል። የእግሮቹ ጫፍ በበረዶ ላይ ካረፈ ቀስ በቀስ ስለሚሰምጥ ዓለት ይመርጣል። በዘመኑ አብዛኛው የፊልም ካሜራ በእጅ መዘውር የሚሠራ በመሆኑ የአንሺው እጅ ራሱ መቆሚያውን በየዙሩ ይነቀንቀው ነበር።

ወደ ታሪካችን እንግባ። የ1924ቱ ጉዞ ፊልም አንሺ ካፒቴን ጆን ኖኤል (1890–1989) በ1922ቱ ጉዞም ተሳትፎ ነበር። በዚያ ጊዜ ያነሣውን ፊልም በድንኳን ውስጥ እያጠበ በያክ ኩበት እሳት ያደርቅ ነበር። ለሁለተኛው ጉዞ ኤክስፕሎረር ፊልምስ የተባለ ኩባንያ መሥርቶ የፊልምና የፎቶግራፍ መብቱን በ8,000 ፓውንድ ገዛ። የያዘው ካሜራ ኒውማን ሲንክሌር የተባለ ሲሆን፣ ሃያ ኢንች ማለትም 508 ሚሊሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ኩክ ሌንስ ነበረው። ዒላማውን ለማግኘት ከሌንሱ ጋር አንድ አቅጣጫ የሚመለከት ቴሌስኮፕ በላዩ ተገጥሞለት ነበር። ሁለቱ በጥቂቱ እንኳ ቢዛነፉ ዓይን የሚያየውና ፊልሙ የሚቀዳው የተለያየ ቦታ ይሆናል።

ኖኤል ካሜራውን ከተከለባቸው ቦታዎች ዋነኛው የንስር ጎጆ ብሎ የሰየመው ዓለታማ ስፍራ ነው። ከፍታው 6,700 ሜትር ገደማ ሲሆን ከተራራው ጫፍ ሦስት ማይል ያህል ይርቃል። እስቲ ይህን በቁጥር እንመልከተው። 508 ሚሊሜትር ሌንስና 24 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የሲኒማ ፊልም ምስል ሲገናኙ የእይታው ስፋት ከሦስት ዲግሪ ያንሳል። በሦስት ማይል ርቀት ላይ ይህ ወደ 225 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ማለት ነው። በዚያ ርቀት የቆመ ሰው በፊልሙ ላይ የሚኖረው ቁመት ሁለት አሥረኛ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ካሜራው በዲግሪ አንድ መቶኛ ቢዛነፍ እይታው በተራራው ላይ ከ80 ሴንቲሜትር በላይ ይንሸራተታል፤ ይህም የአንድ ሰው ቁመት ግማሽ ገደማ ነው። ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ያለ ጽኑ መቆሚያ ሰውየው ከበረዶው ጋር ተደባልቆ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ከዚያ ጠባብ መስኮት ውጭ ያለው ተራራ በሙሉ ለካሜራው እንደሌለ ይቆጠራል። አንሺው ታሪክ የት እንደሚፈጸም ገምቶ፣ ከመፈጸሙ በፊት እግሩን መትከል ነበረበት።

ጆርጅ ማሎሪና አንድሩ ኧርቪን ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ጫፉ የተነሡት ሰኔ 8 ቀን ነው። ማሎሪ በዋዜማው ከላይኛው ካምፕ በሸካሚ እጅ ለኖኤል አጭር መልእክት ልኮ፣ ከየትኛው ሰዓት ጀምሮ የት የት እንዲመለከታቸው አስታውቆት ነበር፤ ከመጨረሻው ፒራሚድ መሰል አናት ሥር ባለው የዓለት መቀነት ላይ ወይም በተረተሩ ላይ። በመልእክቱ የጻፈው ሰዓት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት የሚል ነበር፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ለማለት እንደ ሆነ ግን አንባቢው አልተጠራጠረም። ኖኤል ካሜራውን ወደዚያው አዙሮ ተከለ፣ ረዳቶቹም በቴሌስኮፕ እየተፈራረቁ ጠበቁ። ደመና ግን ተረተሩን ሸፈነው። ካሜራው አልተንቀጠቀጠም፣ አቅጣጫውም አልሳተም፤ ያም ሆኖ ሁለቱን ሰዎች አላያቸውም።

ያያቸው ሌላ ሰው ነው። የሥነ ምድር ባለሙያው ኦዴል በ7,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብቻውን ሲወጣ ለሰባት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ደመናው ለአፍታ ተገለጠለት። ሁለት ጥቋቁር ነጠብጣቦች በተረተሩ ላይ ወደ አንድ የዓለት እርከን ሲጠጉ በዓይኑ ተመለከተ። ወዲያው ደመናው መልሶ ሸፈናቸው። ከዚያ በኋላ በሕይወት ያያቸው የለም። ኦዴል ያያቸው ከሁለቱ ዋና እርከኖች በየትኛው ላይ እንደ ነበር በሚሰጠው ቃል ግን ለዓመታት ጸንቶ አልቆየም።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በአንድ ቀን ስለ አንድ ድርጊት ሁለት ምስክሮች ነበሩ። አንደኛው በዓለት ላይ የተተከለ፣ የማይናወጥ፣ ያየውን ሁሉ እንዳለ የሚያስቀምጥ መሣሪያ ሲሆን፣ በዚያ ቀን የሚያስቀምጠው አላገኘም። ሁለተኛው እየተንቀሳቀሰ ያለ፣ ያየውንም በትዝታው ብቻ የያዘ ሰው ሲሆን፣ ቃሉ በጊዜ ብዛት ተለዋወጠ። ፊልም ከሰው ቃል ይበልጣል ወይስ ያንሳል የሚለው የተለመደ ክርክር እዚህ ብዙ አይረዳንም። የሚረዳን እያንዳንዱ ምስክር የት ቆሞ እንደ ነበር ማወቅ ነው። የኖኤል ፊልም በዚያ ቀን ሰው አለማሳየቱ ማሎሪና ኧርቪን ጫፉ ላይ አልደረሱም ለማለት ማስረጃ አይሆንም፤ ደረሱ ለማለትም አይሆንም። ሰማዩ ጠርቶ ቢሆን እንኳ ከዚያ 225 ሜትር መስኮት ውጭ የነበረ ሰው በፊልሙ አይኖርም ነበር። የምንጭ ዝምታ ትርጉም የሚኖረው ምንጩ ነገሩን ማየት ይችል እንደ ነበር ስናረጋግጥ ብቻ ነው።

ረጅሙ ሌንስ በእርግጥ የመሰከረው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ሰኔ 10 ቀን ኦዴል እስከ ላይኛው ካምፕ ድረስ ወጥቶ ፈለጋቸው፤ ፍንጭ ስላጣም ሁለት የመኝታ ከረጢቶችን በበረዶው ላይ አጋጥሞ ለታችኞቹ ምልክት ሰጠ። ሰሜን ኮል በተባለው፣ ኮርቻ በሚመስለው ማለፊያ ላይ የነበሩት ጓዶቹ መልእክቱን ተቀብለው ብርድ ልብሶችን በመስቀል ቅርጽ አነጠፉ። ታች ሆነው ሲጠብቁ የነበሩት የቁርጡን ያወቁት በዚህ ምልክት ሲሆን፣ ኖኤልም በሌንሱ ቀረጸው። በዚህ ጊዜ ካሜራው የታለመለትን አገኘ። ስፍራው አስቀድሞ የታወቀ፣ ምልክቱ ሊታይ ተብሎ የተዘረጋ፣ አየሩም የጠራ ነበር። ሞትን የሚያበስሩ ጥቂት ብርድ ልብሶች በፊልም ላይ ቀሩ፤ ሁለቱ ሰዎች ያረፉበት ቦታ ግን አልታወቀም። የማሎሪ አስከሬን የተገኘው በ1999 በ8,155 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በ2024 ደግሞ የኧርቪን ስም የተጠለፈበት ካልሲ ያለበት እግርና ጫማ በበረዶ ግግሩ ላይ ተገኘ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ልሂድ፤ ካሜራውን ማን ተሸከመው? ከባሕር ጠለል በላይ 6,700 ሜትር ላይ የቆመ መሣሪያ የቆመው በራሱ ሦስት እግሮች ብቻ አልነበረም። ካሜራውን፣ ሌንሱን፣ መቆሚያውንና የፊልም ጥቅሎቹን በየካምፑ ያደረሱት የሸርፓና የቲቤት ተወላጅ ሸካሚዎች ናቸው። የተቀረጸው ፊልም ለእጥበት ወደ ዳርጂሊንግ የተላከውም በመልእክተኞች ቅብብሎሽ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1922ቱ ጉዞ፣ ሰባት ሸካሚዎች በበረዶ ናዳ ሞተዋል። ሌንሱ ወደ ጫፉ ሲዞር መሣሪያውን ያመጡት ሰዎች ከጀርባው ይቀራሉ። የፊልሙ መብት በብዙ ገንዘብ የተገዛ መሆኑንና የለንደን ተመልካች ሊያይ የጓጓው ጫፉን መሆኑን ስናስብ፣ የአቅጣጫው ምርጫ የዕይታ ብቻ ሳይሆን የገበያም ጉዳይ እንደ ነበር እንረዳለን።

በቅርብ ርቀት የተነሡት የፊልሙ ክፍሎችም መዘዝ አላጡም። «የኤቨረስት ገድል» በሚል ትርጉም ልንጠራው የምንችለው ይህ ፊልም በ1924 መጨረሻ ለንደን ሲታይ፣ ከቲቤት የመጡ መነኮሳት መድረክ ላይ ወጥተው እንዲጨፍሩ ተደርጎ ነበር። ይህም ሆነ በፊልሙ ውስጥ የቲቤታውያን ኑሮ የቀረበበት አኳኋን የላሳን ባለሥልጣናት አስቆጣ። ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ተደምሮ እንግሊዞች እስከ 1933 ድረስ ሌላ የኤቨረስት ጉዞ እንዳያደርጉ እንቅፋት ሆነ። ዛሬ ይህን ፊልም፣ በ2013 ታድሶ ከቀረበ በኋላ፣ በጥራት ማየት እንችላለን። ምስሉ መጥራቱ ግን የተነሣበትን ስፍራ አይለውጠውም።

ውድ ተማሪዎች፤ በምትሠሩት ጥናት ፎቶግራፍ ወይም ፊልም ሲገጥማችሁ፣ ምስሉ የሚያሳየውን ከመዘርዘራችሁ በፊት አራት ጥያቄዎች እንድታነሡ እመክራለሁ። ካሜራው የት ቆሞ ነበር? ሌንሱ ምን ያህል ስፋት ያያል? እዚያ እንዲተከል የወሰነው ማን ነው፣ ወጪውንስ ማን ከፈለ? በመጨረሻም፣ ማን ተሸክሞ አደረሰው? እነዚህን ሳይመልሱ ምስልን በማስረጃነት ማቅረብ፣ የተናጋሪው ማንነት ያልታወቀ ቃል እንደ መጥቀስ ይቆጠራል።

ማሎሪ ወደ ላይ ሲወጣ ጓደኛው ሶመርቬል ያዋሰውን የኪስ ኮዳክ ካሜራ ይዞ እንደ ነበር ይታመናል። ያ ካሜራ ሌንሱ አጭር ነው፣ መቆሚያም የለውም፤ ግን ሰዎቹ የደረሱበት ድረስ አብሯቸው ደርሷል። በ1999 ከማሎሪ አስከሬን ጋር አልተገኘም፣ እስካሁንም የት እንዳለ አልታወቀም። ፈላጊዎቹ በኤቨረስት ሰሜናዊ ገጽ ላይ ሲመላለሱ የሚሹት ይህንኑ ነው፤ ድርጊቱ በተፈጸመበት ስፍራ የነበረውን ምስክር።