የብቸኛ ተማሪ ጠባይ፦ ከጎጃም የቅኔ ጉባኤ እስከ ዘመናዊው ትምህርት ቤት

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢያቸው ገጠር አንድ ልጅ ከጓደኞቹ ርቆ ብቻውን ሲያጉተመትም ቢታይ የሚሰጠው ስም ብዙ ነው። አንዱ «ዛር አለበት»፣ ሌላው «ቡዳ በልቶታል» ይላል፤ አስተማሪው ደግሞ «ሰነፍ ነው» ሊለው ይችላል። ቤተሰቡ ወደ ጠበል ይወስደዋል። ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የነበረው አማኑኤል የሚገኘው አዲስ አበባ ስለሆነ፣ ለገጠሩ ሕዝብ ሩቅ ነበር።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ጠባይ የሚመረምሩበት ስያሜ የቅርብ ጊዜ ነው። ኦይገን ብሎይለር እ.ኤ.አ. በ1911 ስለ ስኪዞፍሬንያ ባሳተመው መጽሐፍ ሕመሙ በግልጽ ሳይወጣ በውስጣቸው ተሰውሮ የሚኖርባቸው ሰዎች መኖራቸውን አመለከተ። ሻንዶር ራዶ በ1953 «ስኪዞታይፕ» የሚለውን ቃል አስገባ፤ ፖል ሚል በ1962 ንድፈ ሐሳቡን አስፋፋ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ1980 በሦስተኛው መመሪያው «ስኪዞታይፓል» ብሎ ራሱን የቻለ መደብ ሰጠው። በ2013 የወጣው አምስተኛው እትም በአማራጭነት ባቀረበው ክፍል ከጠቀሳቸው ጉድለቶች መካከል በራስና በሌላው መካከል ያለው ወሰን መደበላለቁና የራስ አድራጎት በሌላው ላይ የሚያስከትለውን ለመረዳት መቸገር ይገኙበታል። ሆኖም ጠባዩ በመጠን እየተለያየ በጤነኞችም ላይ ይገኛል። የሌላውን ሐሳብ መገንዘብና ስሜቱን መጋራትም የተለያዩ ስለሆኑ ሁልጊዜ አብረው አይጎድሉም።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በ1994 የወጣው አራተኛው እትም አንድን እምነት እንግዳ የሚለው ከሰውየው ኅብረተሰብ ልማድ ሲወጣ ብቻ መሆኑን ነው። ስለሆነም በጎጃም ገጠር በዛር ወይም በቡዳ ማመን ብቻውን የሕመም ምልክት ሊሆን አይችልም።

ብቸኝነትም እንደዚሁ በቦታው ይመዘናል። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ ትምህርት የታወቁ የጎጃም ስሞች ናቸው። የቅኔ ተማሪ ቀን ላይ ከዛፍ ጥላ ሥር ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከራሱ ጋር ቢያጉተመትም የሚደነቅ የለም። ነገር ግን በዚያው አይቀርም። በነገራ ሰዓት ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰናዳውን ያሰማል፤ ይታረማል፣ ይመሰገናል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ቁራሽ ለምኖ ያገኘውንም ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል። ይህ ሲባል ባለቅኔዎች ስኪዞታይፓል ነበሩ ለማለት አይደለም። ሥርዓቱ ለብቻነትም ለመመለስም የታወቀ ጊዜ ነበረው ለማለት ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ብዙ ሕፃናትን በአንድ ክፍል ሲያስተምር ይህን መመላለስ በሰዓት ሠሌዳው ውስጥ አላኖረም። ዝም ያለው ልጅ ዝም እንዳለ ዓመቱ ያልፋል። በመሆኑም አስተማሪው ስም ከመለጠፉ በፊት ልጁ በአካባቢው ልማድ እንዴት እንደሚታይ ከወላጆቹ መጠየቅ፣ ለብቻው የሠራውን ለአንድ ሰው እንኳ የሚያሰማበትን ጊዜ መስጠት፣ ጭንቀቱ እየበረታ ትምህርቱንና ኑሮውን የሚያውክ ከሆነም ጠበሉን ሳያጥላላ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ መምከር ይጠበቅበታል። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም በመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ ለዚህ ጉዳይ ሰዓት ሊመድቡለት ይገባል።